ሚስዲሚነር ነው ከተባለ እንተኛ ወይ?

ለአዲስ አንባቢዎች በአጭሩ ላስተዋውቅ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ቨርጂኒያ 19 ዓመት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ታክሲ ነዳሁ። ኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አስተረጎምኩ። አሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን ጋቢዬን ተከናንቤ ደብዳቤ እመልሳለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ጠበቃና ደንበኛ ሳይግባቡ ሲቀሩ መሐላቸው ስቆም ኖሬያለሁ።

በዚህ ወር ሦስት ጥያቄ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ቦታውን ሁሉ ሊወስድብኝ ነው፤ ይውሰድ።

*

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። እንደምን ሰነበቱ? የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፣ ቃሉ ግን የራሴ ነው። ደብረ ሲና ቆሎ እሸጣለሁ። ልጆቼን ያሳደግኩት ከጣርማ በር ወርዶ ለሚቆም መኪና ቆሎ እየሸጥኩ ነው። ትልቁ ልጄ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሌሊት ሌሊት መጋዘን ይሠራል። ባለፈው ወር አንድ ሱቅ ገባ። ዕቃውን ራስህ በማሽን አሳልፈህ የምትከፍልበት ሱቅ ነው አሉ። የሌላውን ከፍሎ ጃኬቱን ሳይከፍል ወጣ። የ62 ዶላር ጃኬት። ‹ረስቼው ነው› ይላል። እናት ነኝ፣ አምነዋለሁ። ፖሊስ መጥቶ የክስ ወረቀት ሰጠው። አሁን ዓቃቤ ሕጉ ‹ጥፋተኛ ነኝ በል፤ 12 ወር ይፈረድብሃል፣ ግን ሙሉው በገደብ ነው፤ አንድ ቀን አትታሰርም› ብሎታል። ልጄ ደስ ብሎታል። የአጎቱ ልጅም ‹ሚስዲሚነር ነው፣ ቀላል ነው፣ ፈርምና ተገላገል› ይለዋል። የእድራችን ጸሐፊ ደግሞ ‹የለም፣ ፌሎኒ ነው፣ መባረሩ ነው› ብሎ እንቅልፍ ነሳኝ። እነዚህ ሁለት ቃላት ምንና ምን ናቸው? ሚስዲሚነር ከሆነስ እንተኛ ወይ?»
እናት፣ ከደብረ ሲና

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንባቢ እንዲያውቀው ያህል፣ ይህ ደብዳቤ መጽሔት እስኪታተም የሚጠብቅ አይደለም። እንደደረሰኝ ለሴት ልጅዎ ደውዬ አንድ ነገር ብቻ ነግሬያታለሁ፦ ወንድምሽ እንዳይፈርም። ለምን እንዳልኩ አሁን ላስረዳ። የልጁን ግዛት ስም ሆን ብዬ አስቀርቼዋለሁ። ደብረ ሲና ትንሽ ከተማ ናት።

ከቃላቱ እንጀምር። አሜሪካ ወንጀልን በጥቅሉ ሁለት ቦታ ትከፍላለች። ከአንድ ዓመት በላይ ሊያሳስር የሚችለው ፌሎኒ ነው። ቢበዛ እስከ አንድ ዓመት የሚያሳስረው ሚስዲሚነር ነው። «ሊያሳስር የሚችል» የምትለውን ቃል ያዙልኝ። የሚታየው ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ ነው እንጂ ሰውየው የታሰረበት ቀን አይደለም። ከሚስዲሚነር በታች ደግሞ እንደ ትራፊክ ቅጣት ያሉ ጥቃቅን ጥፋቶች አሉ።

እስር ቤቱም ይለያያል። ሚስዲሚነር ያለበት ሰው ከታሰረ ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው በካውንቲው ጄል ነው፣ እዚያው ሰፈሩ አጠገብ። የፌሎኒ እስረኛ ወደ ፕሪዝን ይሄዳል፣ ከቤተሰቡ ራቅ ይላል። በአማርኛ ሁለቱም እስር ቤት ናቸው። ስንቴ ተቸግሬበታለሁ መሰላችሁ።

ፌሎኒ የሚለው ቃል ከእንግሊዞች የመጣ ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ ፌሎኒ የፈጸመ ሰው መሬቱንና ንብረቱን ይነጠቅ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ አንገቱም አብሮ ይሄዳል። መንዜ አንባቢዎቼ ይህን ለመረዳት አይቸገሩም፤ ርስት መነቀል ማለት ምን እንደሆነ አያቶቻቸው ነግረዋቸዋል። ዛሬ መሬት አይነጠቅም። ግን ፌሎኒ ያለበት ሰው መሣሪያ መያዝ ይከለከላል። በብዙ ቦታ ለጊዜውም ቢሆን መምረጥ አይችልም። ሥራ ሲያመለክት ቅጹ ላይ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» የምትል ጥያቄ ትጠብቀዋለች።

አሁን ጃኬቱ። በስርቆት ክስ ፌሎኒንና ሚስዲሚነርን የሚለየው በአብዛኛው የዕቃው ዋጋ ነው፣ ወሰኑም እንደየግዛቱ ይለያያል። እኔ በኖርኩበት በቨርጂኒያ ወሰኑ ከ1980 ጀምሮ 200 ዶላር ነበር። በ2018 500፣ በ2020 ደግሞ 1,000 ዶላር ሆነ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ቴክሳስ 2,500 ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ የ1,200 ዶላር ስልክ ቢሰርቅ፣ ቨርጂኒያ ላይ ፌሎኒ ነው፣ ቴክሳስ ላይ ሚስዲሚነር። ስልኩ ያው ስልክ ነው። 62 ዶላር ግን ከሁለቱም በታች ናት፣ በልጅዎ ግዛትም እንደዚያው። ስለዚህ በዚህ ነጥብ የእድሩ ጸሐፊ ተሳስተዋል። ክሱ ሚስዲሚነር ነው።

እንዲያውም አሜሪካኖቹ ራሳቸው በዚህ አከፋፈል አይስማሙም። ሜሪላንድ ሰው መምታት፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው፣ ሚስዲሚነር ነው፤ ቅጣቱ ግን እስከ 10 ዓመት ይደርሳል! ኒው ጀርሲ ሁለቱንም ቃላት ትታ በራሷ ስም ትጠራቸዋለች። ካሊፎርኒያ ደግሞ ዎብለር የሚሏቸው ወንጀሎች አሉ፤ እንደተነቃነቀ በርጩማ ወዲህም ወዲያም የሚሉ፣ ዓቃቤ ሕጉና ዳኛው እንደ ነገሩ ፌሎኒም ሚስዲሚነርም የሚያደርጓቸው።

ሚስዲሚነር ራሴንም አግኝቶኛል። ታክሲ በምነዳበት ዘመን በ95 ቁጥር መንገድ ላይ 82 ማይል ስበር ተያዝኩ፣ ወደ 132 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ፖሊሱ ወረቀት ሰጠኝ። ቅጣቱን በፖስታ ልኬ የምገላገል መስሎኝ ኪሴ ከተትኩት። አንድ የሐረር ልጅ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ አነበበውና «አንተ፣ ይሄ እኮ የወንጀል ክስ ነው» አለኝ። ለካ ቨርጂኒያ ያኔ ከ80 ማይል በላይ መንዳት በግዴለሽነት ማሽከርከር ነው፤ አንደኛ ደረጃ ሚስዲሚነር፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር። (በ2020 ወሰኑን ወደ 85 ከፍ አድርገውታል።) ጠበቃ ይዤ ቀረብኩ፣ ዳኛው ወደ ተራ የትራፊክ ጥፋት አወረዱልኝ። ወረቀቱን ረስቼው ቀጠሮዬን ባሳልፍ ኖሮ የመያዣ ትእዛዝ ይወጣብኝ ነበር። እና እትዬ፣ ልጅዎ የፍርድ ቤት ቀኑን እንዳይስት። ሥራ ሌሊት ነው፣ እንቅልፍ ያሸንፋል፤ እርስዎ ከዚህ ደውለው ይቀስቅሱት።

ወደ ዋናው ልምጣ። የአጎቱ ልጅ «ቀላል ነው» ብሎታል። ይህችን ቃል እፈራታለሁ።

አንድ ቀን የይፋት ሰው የሆኑ አዛውንት አጠገቤ ቆሙ። መኪና ማቆሚያ ላይ ከጎረቤት ተጣልተው ገፍተውታል ተብለው ነው የተከሰሱት። ዳኛዋ ክሱ ሚስዲሚነር መሆኑን ገለጹ። እኔም እንደለመድኩት «ቀላል ወንጀል ነው» ብዬ አስተረጎምኩ። አዛውንቱ ፊታቸው በራ። ወደ እኔ ዘወር ብለው «ቀላል ከሆነማ ምን አቆመን ልጄ፣ ጥፋተኛ ነኝ በልልኝ» አሉኝ። በላብ ተጠመቅኩ። አስተርጓሚ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም፤ የተባለውን መተርጎም ብቻ። ግን ቃሉን ማጥራት ይችላል። «ክብርት ዳኛ፣ አስተርጓሚው አንድ ቃል ማብራራት ይጠይቃል» አልኩ። እንደዚያ ነው የምንናገረው፣ ስለራሳችን እንደ ሌላ ሰው። ዳኛዋ ፈቀዱልኝ። «ቀላል ያልኩት ከከባዱ ሲነጻጸር ነው፤ እስከ አንድ ዓመት ያሳስራል» አልኳቸው። አዛውንቱ ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ምኑ ነው የቀለለው?» አሉ። ይህንንም አስተረጎምኩት፣ ሥራዬ ነው። ዳኛዋ ፈገግ ብለው ቀጠሮ ሰጡ፣ ሰውየው ጠበቃ አገኙ። እኔ ከዚያ ወዲያ «አነስተኛ ወንጀል» ማለት ጀመርኩ። እሱም ብዙ አልተሻለም።

ለአሜሪካ ዜጋ ቢሆን የአጎቱ ልጅ ምክር ያስኬድ ነበር። ልጅዎ ግን ግሪን ካርድ ነው ያለው። የግሪን ካርድ ሰው በሁለት ሚዛን ይመዘናል። አንደኛው የግዛቱ የወንጀል ሕግ ነው። ሁለተኛው የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው፣ እሱም የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። እዚያ «የከበደ ፌሎኒ» የሚባል ዝርዝር አለ። ስሙ ያሳስታል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት የግድ ከባድም፣ ፌሎኒም መሆን አያስፈልግም። ለምሳሌ ስርቆት አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እስራት ከተፈረደበት እዚያ ዝርዝር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሲገባ ካርዱም ይሄዳል፣ ምሕረት የሚጠየቅበት በርም ከሞላ ጎደል ይዘጋል።

«ግን በገደብ ነው እኮ፣ አንድ ቀን አይታሰርም» ትሉኝ ይሆናል። ለኢሚግሬሽን ገደብ የለም። በገደብ የተፈረደ 12 ወር፣ 12 ወር ነው። ሕጉ ይህን በግልጽ ጽፎታል። ዓቃቤ ሕጉ አልዋሸም፤ የእሱ ጉዳይ ጄሉ ነው፣ ካርዱን አላየም። ልጅዎን ደስ ያሰኘችው ያቺ 12 ቁጥር ናት ይህን ሁሉ የምትጎትተው።

ሁለተኛም ወጥመድ አለ። ሰውየው አሜሪካ በገባ በአምስት ዓመት ውስጥ፣ ሕጉ «የሞራል ነውር ያለበት» የሚለውን ወንጀል ከፈጸመና ወንጀሉ አንድ ዓመት ወይም በላይ ሊያስቀጣ የሚችል ከሆነ፣ አንዱ ጥፋት ብቻ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ስርቆት በአብዛኛው እዚህ ይመደባል። እዚህ ላይ ደግሞ የሚታየው የተፈረደው ሳይሆን ሊፈረድ ይችል የነበረው ነው። ልጅዎ አሜሪካ ከገባ ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

አሁን አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ካሊፎርኒያ ከ2015 ጀምሮ የሚስዲሚነርን ጣሪያ ከአንድ ዓመት ወደ 364 ቀን አወረደች። ኒው ዮርክ በ2019 ተከተለች። አንዲት ቀን ብቻ ቀነሱ። ለምን? እስረኛው አንድ ቀን ቀድሞ እንዲወጣ አይደለም። ያቺ «አንድ ዓመት» የምትለው የኢሚግሬሽን ወጥመድ እንዳትነካው ነው። ልጅዎ ያለበት ግዛት ግን ይህን አላደረገም።

ታዲያ ምን ይሁን? የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ይጠይቅ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 ድሃ ተከሳሽ በፌሎኒ ክስ ነጻ ጠበቃ ይገባዋል አለ፤ በ1972 ደግሞ እስራት ለሚያስፈርድ ሚስዲሚነርም ይሁን አለ። ሦስተኛው ውሳኔ የ2010 ነው፣ ፓዲያ የሚባለው። ሰውየው የሆንዱራስ ተወላጅ ነው፣ ለአሜሪካ ቬትናም ዘምቷል፣ አሜሪካ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል። መኪናው ላይ ማሪዋና ተገኘ። ጠበቃው «ብዙ ዘመን ስለኖርክ ስለ መባረር አትስጋ» አለው። አምኖ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ምክሩ ስህተት ነበር፤ መባረር ተከትሎ መጣ። ፍርድ ቤቱም ጠበቃ የውጭ አገር ሰው የሆነ ደንበኛውን ስለ መባረር አደጋ ማስጠንቀቅ ግዴታው ነው ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ልጅዎ «ጥፋተኛ ነኝ ብል ግሪን ካርዴ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ተከላካዩ ካላወቀ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። የአንድ ሰዓት ምክር ከጃኬቱ ይበልጣል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ይክፈል።

ጠበቃው የሚሞክራቸው መንገዶች አሉ። ክሱ ከስርቆት ወደ ሌላ፣ ነውር ወደሌለበት ጥፋት እንዲቀየር መደራደር ይቻላል። የፍርዱን ቁጥር ከ12 ወር በታች ማውረድም ይቻላል፣ 11 ወር ቢሆን እንኳ። ግን እሱ የመጀመሪያውን ወጥመድ ነው የሚያስመልጠው፤ የአምስት ዓመቱ ይቀራል። ለጀማሪ አጥፊ የሕዝብ አገልግሎት ሠርቶ ክሱ የሚዘጋበት መንገድም አለ። ይህ ጥሩ ነው፣ አንድ መዘዝ ግን አለው፦ መጀመሪያ ጥፋተኛ ነኝ ካስባሉት፣ ኋላ መዝገቡ ቢዘጋም ኢሚግሬሽን እንደ ጥፋተኛ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ «ሳላምን የሚሆን መንገድ አለ?» ይበል። ደረሰኙንም አይጣል። ሌላውን ሁሉ ከፍሎ አንዱን ብቻ መተው ለ«ረስቼው ነው» ጥሩ ምስክር ነው።

የእድሩን ጸሐፊ እንዳይቀየሟቸው። ፌሎኒ ነው ማለታቸው ስህተት ነው፣ ፍርሃታቸው ግን ከአጎቱ ልጅ ምክር ይሻላል።

*

«ከሁለት ዓመት በፊት በጠብ ተከስሼ የሁለት ወር ቀላል እስራት በገደብ ተፈርዶብኛል። አሁን የአሜሪካ ቪዛ ልሞላ ነው። ቅጹ ታስረህ ታውቃለህ፣ ተፈርዶብህ ያውቃል ይላል። የኛ ቀላል እስራት እንደነሱ ሚስዲሚነር ስለሆነ መጻፍ አለብኝ?»
ወጣት፣ ከደብረ ብርሃን

መጻፍ አለብህ። ቅጹ ስለ ደረጃው አልጠየቀህም፤ ምሕረት አግኝተህም ቢሆን ተናገር ነው የሚለው።

ማመሳሰሉም አይሠራም። የኛ የወንጀል ሕግ፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው፣ ቀላል እስራትን በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት፣ ጽኑ እስራትን ከ1 እስከ 25 ዓመት አድርጎታል። ሁለቱ ይደራረባሉ። የሦስት ዓመት ቀላል እስራት በአሜሪካ ሚዛን ፌሎኒ ያህላል። አንዳንዱ ደግሞ ሚስዲሚነርን «ደንብ መተላለፍ» ብሎ ይተረጉመዋል። እሱ ከሚስዲሚነርም ያንሳል።

ቆንስላው የሚያየው የጥፋቱን ዓይነት፣ ሕጉ የሚፈቅደውን ጣሪያና የተፈረደብህን ነው። የተራ ጠብ ሁለት ወር ብዙ ጊዜ በር አይዘጋም። ውሸት ግን ይዘጋል፣ ያውም በራሱ ምክንያት። የፍርዱን ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ አውጣ፣ አስተርጉመው፣ ይዘኸው ሂድ።

*

«ከመሐል ሜዳ ነን። ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል። እኔ ፌሎኒ ያለበት ሰው አሜሪካ ፕሬዚዳንት አይሆንም አልኩ። እሱ ይሆናል አለ። ውርርዱ አንድ በግ ነው።»

በጉን ፈልግ ወንድሜ። ሕገ መንግሥታቸው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ በትውልድ ዜጋ መሆን፣ 35 ዓመት መሙላት፣ አገሩ ውስጥ 14 ዓመት መኖር። ስለ ወንጀል አንድም ቃል የለም። ዶናልድ ትራምፕ በሜይ 30 ቀን 2024 ኒው ዮርክ ውስጥ በ34 የፌሎኒ ክሶች ጥፋተኛ ተባሉ። በጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ያለ እስርና ያለ መቀጫ ተፈረደባቸው፣ በአስር ቀኑ ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ጓደኛህ በጉን ከመውሰዱ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቀው። የንግድ ሰነድ ማጭበርበር በኒው ዮርክ በራሱ ሚስዲሚነር ነው። ታዲያ እንዴት ፌሎኒ ሆነ? ሰነዱ የተጭበረበረው ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመሸፈን ሲሆን ወደ ፌሎኒ ከፍ ይላል። ይህን ከመለሰ በጉን ይውሰድ። ካልመለሰ ግማሹን አስቀርበት፣ ለእኔም ቆዳውን ላክልኝ፤ ደብረ ብርሃን ይበርዳል።